ደስታ የተባለው መከራ፦ የከብት እልቂት ዓለምን ያዳረሰበትና ከዓለም የጠፋበት ታሪክ

በአማርኛ ተናጋሪው ገበሬ ዘንድ «ደስታ» እየተባለ የሚጠራው የቀንድ ከብት በሽታ፣ ከስሙ በቀር አንዳች የደስታ ነገር አልነበረውም። ትግርኛ ተናጋሪዎች «ጉልሓይ» ይሉታል። የተያዘው ከብት በመጀመሪያ ብርቱ ትኩሳት ያድርበታል፤ ቀጥሎ ከዓይኑና ከአፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል፤ ድዱና ምላሱ ይቆስላል፤ በመጨረሻም ተቅማጥ ይዞት የሰውነቱ ውሃ ያልቃል። ምልክቱ ከታየበት ቀን አንሥቶ ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። በሽታው ከዚያ በፊት ካልጎበኘው መንጋ ውስጥ ሲገባ ከመቶው ከብት ሰማንያውን ወይም ዘጠናውን ለመጨረስ ይችል ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የሰው ኩፍኝ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ሰውን አይዝም። ይሁን እንጂ የሰውን ገላ ሳይነካ እጅግ ብዙ ሕዝብ የጨረሰ በሽታ ነው። የገበሬውን በሬና የአርብቶ አደሩን ላም ሲገድል ማረሻውን አስቀምጦ፣ ጮጮውን አድርቆ፣ ሰውን ለረኀብ አሳልፎ ይሰጥ ነበርና።

በዘመናችን ዓለምን ያስጨነቁት ጉዳዮች ብዙ ናቸው። ረኀብና ድህነት፣ ወረርሽኝ፣ የስደት መብዛት፣ የአየር ጠባይ መዛባት፣ የዱር አራዊትና የደን መመናመን በየጉባዔው በየተራ ይነሣሉ። ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ለብቻው የሚታይ ሲሆን፣ ፍጻሜ የሌላቸው መስለው ይነገራሉ። የደስታ በሽታ ታሪክ ግን ለሁለቱም አስተያየት መልስ አለው። አንደኛ፣ የኅብረተሰብ፣ የኢኮኖሚና የተፈጥሮ ችግር በአንድ ገመድ የተገመዱ መሆናቸውን ያሳያል። ሁለተኛ፣ ዓለም አቀፍ የሆነ መቅሠፍት ፍጻሜ ሊኖረው እንደሚችል፣ የፍጻሜውም ቀን ሊጻፍ እንደሚቻል ያስረዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መተው ካለመጀመር የማይሻል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር ምዕራፍ በእንስሳት ሕክምና ታሪክ ውስጥ አይገኝም። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጦርና ንግድ ያነጠፉት መንገድ

በሽታው ለብዙ መቶ ዓመታት የእስያና የአውሮፓ መቅሠፍት ነበር። በራሱ እግር የለውም፤ የታመመው ከብት ካልደረሰበት ቦታ አይደርስም። ስለዚህ የተጓዘው ሁልጊዜ ሰው በከፈተለት መንገድ ነው። ጦር ሲዘምት ለስንቅና ለጭነት የሚነዳው ከብት፣ ነጋዴ ከአገር አገር እያሻገረ የሚሸጠው በሬ፣ በሽታውን ከምሥራቁ ሰፊ የሣር ምድር ወደ ምዕራብ አውሮፓ ደጋግሞ አምጥቶታል።

በ1711 ዓ.ም.-አቆጣጠር ሳይሆን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1711፣ በሽታው ኢጣሊያ ገብቶ በተስፋፋ ጊዜ የሮማው ሊቀ ጳጳስ የቀሌምንጦስ ዐሥራ አንደኛው ሐኪም የነበረው ጆቫኒ ማሪያ ላንቺሲ ችግሩን እንዲመረምር ታዘዘ። ላንቺሲ መድኃኒት ፍለጋ ጊዜ ከማጥፋት ይልቅ የታመመው ከብት እንዲገደልና እንዲቀበር፣ የከብት ዝውውር እንዲታገድ፣ ትእዛዙን የሚጥስም በብርቱ እንዲቀጣ መከረ። ምክሩ በ1715 በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ። የቫይረስ ስም እንኳ ባልታወቀበት ዘመን የተሰጠው ይህ ምክር ዛሬም የእንስሳት ሐኪም ወረርሽኝ ሲገጥመው ከሚያስባቸው ነገሮች የመጀመሪያው ነው። በ1761 ክሎድ ቡርዠላ በሊዮን ከተማ የመጀመሪያውን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እንዲያቋቁም የፈረንሳይ መንግሥት ሲፈቅድም፣ ከምክንያቶቹ ዋነኛው በየመንደሩ ከብት የሚፈጀው ይኸው ወረርሽኝ ነበር። ሙያው ራሱ ከዚህ መከራ ማሕፀን ወጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1865 በሽታው በመርከብ በመጡ ከብቶች እንግሊዝ አገር ገባ። ከትልቁ የሎንዶን የከብት ገበያም ተነሥቶ በባቡር ሐዲድ አገሩን አዳረሰ። በየአቅጣጫው የተሞከረው መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ሆነ። በመጨረሻ ወረርሽኙ የተገታው በ1866 በወጣው ሕግ መሠረት ከብት በመግደልና ዝውውርን በማገድ ነው። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነበር፤ መጓጓዣ በፈጠነ ቁጥር በሽታም ይፈጥናል።

ክፉ ቀን

አፍሪካ ከሰሐራ በስተደቡብ ከዚህ መቅሠፍት ለረጅም ዘመን ተጠብቃ ኖራለች። የጠበቃትም በረሃውና የባሕሩ ርቀት ነበር። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተና በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከበዙ በኋላ ግን ያ ርቀት አጠረ። ቀድሞ በመርከብ ላይ ታምሞ ይሞት የነበረው ከብት አሁን በሽታውን እንደ ያዘ ከወደቡ ለመድረስ ቻለ።

ኢጣሊያኖች ምፅዋን በ1885 ከያዙ በኋላ ለጦራቸው ሥጋና ጭነት የሚሆን ከብት ከባሕር ማዶ ያስመጡ ነበር። በ1887 ወደ ምፅዋ ከገቡት ከብቶች መካከል ከሕንድ የመጡት በሽታውን ይዘው እንደ ነበር በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የተለመደው አስተያየት ነው። በሽታው ከባሕር ዳር ወደ ሐማሴን፣ ከዚያ ወደ ትግራይ፣ ወደ ጎንደርና ጎጃም፣ ወደ ወሎና ሸዋ፣ በመጨረሻም እስከ ደቡብ ድረስ ዘለቀ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ያለው ጊዜ በኢትዮጵያ ታሪክ «ክፉ ቀን» ተብሎ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ከአገሪቱ ከብት ከመቶው ዘጠናው አለቀ የሚለው ግምት በብዙ መጻሕፍት ይገኛል።

የረኀቡ አመጣጥ በጥንቃቄ መታየት ይገባዋል። በዚያው ጊዜ የዝናብ መጥፋትም፣ የአንበጣና የተምች መንጋም አገሩን አጥቅቶ ነበር። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ገበሬ ድርቅንም ሆነ አንበጣን ከዚያ በፊት ያውቃቸዋል፤ ድርቁ ሲያልፍ በሬውን ጠምዶ ያርሳል። በዚህ ጊዜ ግን ዝናቡ ተመልሶ ሲመጣ የሚጠመድ በሬ አልነበረም። መሬቱ ሳይታረስ አደረ፤ የእህል ዋጋ ናረ፤ ዘር የነበረው ተበላ። በዘመኑ የተጻፉ ዘገባዎች እንደሚሉት ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ ምሳሌ ለመሆን ሞክረዋል። ነገር ግን በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰውን መሬት በዶማ ለመቆፈር ብዙ ሰውና ብዙ ቀን ያስፈልጋል፤ የተራበ ሰው ደግሞ ጉልበት የለውም። በረኀብ የተዳከመውን ሕዝብ ፈንጣጣና ሌላውም ተላላፊ በሽታ ተከትሎ ገባበት። በመንገድ የወደቀውን የሚቀብር ጠፍቶ ጅብ ሰው መድፈር እንደ ጀመረ ተጽፏል። ከሕዝቡ ሢሶው አለቀ የሚለው የተለመደ ግምት ቆጠራ ባልነበረበት ዘመን የተሰጠ ቢሆንም፣ የመከራውን ስፋት ለማመልከት ይበቃል።

መከራው በፖለቲካም ረገድ ከባድ ጊዜ ላይ የወደቀ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1889 መተማ ላይ ወደቁ፤ በዚያው ዓመት ኢጣሊያኖች አስመራን ያዙ። በሰሜኑ ደጋ የሚገጥማቸው ገበሬ ከብቱን ያጣ፣ ጎተራው የተራቆተ ነበር። በጎረቤት ሱዳንም በመሐዲስቶች መንግሥት ዘመን በዚያው ሰሞን የወረደው ረኀብ «የስድስቱ ዓመት» እየተባለ ሲታወስ ኖሯል።

ወደ ደቡብ

በሽታው በኢትዮጵያ ድንበር አልቆመም። በ1890 እና በ1891 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሜዳዎች ወርዶ የማሳይን ከብት ፈጀ። ማሳዮች ያንን ዘመን በቋንቋቸው «ኤሙታይ» ይሉታል፤ ፈጽሞ መጥፋት ማለት ነው። በዚያን ጊዜ አገሩን አቋርጦ ያለፈው ኦስትሪያዊው ተጓዥ ኦስካር ባውማን ከማሳይ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው እንዳለቀ ገምቶ ጽፏል። ከብት ለማሳዩ ወተቱና ሥጋው ብቻ ሳይሆን ጥሎሹም፣ ካሣውም፣ ዝምድናውም ስለሆነ ከብቱ ሲሞት ኅብረተሰቡ የታሰረበት ማሰሪያ ጭምር ተበጠሰ።

በ1896 መጀመሪያ በሽታው የዛምቤዚን ወንዝ ተሻግሮ ቡላዋዮ ደረሰ። በደቡባዊው አፍሪካ የጭነት ሥራ በሙሉ በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ላይ የተመሠረተ ስለነበር ንግዱም ማዕድኑም ተናወጠ። የቅኝ ገዢዎቹ ባለሥልጣኖች በሽታውን ለመግታት ብለው ጤነኛውን ከብት ጭምር በጥይት ማስገደላቸው የአገሬውን ሕዝብ ቁጣ አባባሰው፤ በዚያው ዓመት የንዴቤሌና የሾና ሕዝቦች ካነሡት ዐመፅ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ረጅም ሽቦ ተዘረጋ፤ ጠባቂም ቆመ፤ በሽታው ግን ተሻገረ። በ1897 የኬፕን ቅኝ ግዛት ወረረ። ከዛምቤዚ በስተደቡብ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ከብት እንዳለቀ ይገመታል። ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር የሄሬሮ ሕዝብ አብዛኛውን ከብቱን ባጣ ጊዜ ለዕለት ጉርሱ ሲል ለጀርመን ሰፋሪዎች ጉልበቱን ለመሸጥና መሬቱን ለመልቀቅ ተገደደ። ምፅዋ ላይ ከወረዱት ጥቂት ከብቶች የተነሣው እሳት በዐሥር ዓመት ውስጥ ከቀይ ባሕር እስከ አፍሪካ ጫፍ ደረሰ።

በተፈጥሮም ላይ የደረሰው ጉዳት ከዚህ ያነሰ አልነበረም። በሽታው ጎሽን፣ አጋዘንን፣ ቀጭኔንና ሌላውንም ሰኮናው የተሰነጠቀ አውሬ አብሮ ፈጀ። ግጦሹን የሚግጥ፣ ቁጥቋጦውን የሚበላና የሚረግጥ ሲጠፋ ሜዳው በብዙ ቦታ ጫካ ለበሰ። በጫካው ውስጥ የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈው ቆላ ዝንብ ቀስ በቀስ ተመልሶ ተራባ። ከእልቂቱ የተረፈው ሰው ተመልሶ ከብት ላርባ ቢል ዝንቡ ከለከለው። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት፣ ኋላ የመጡት የቅኝ አገር ሹማምንት «የሰው እጅ ያልነካው የጥንት ዱር» ብለው የሰየሙት አንዳንዱ ምድር በእርግጥ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰውና የከብት መኖሪያ የነበረ ነው።

የዚህ ነገር ተቃራኒው ማስረጃ የታየው ከብዙ ዓመት በኋላ በታንዛኒያ በሴሬንጌቲ ሜዳ ነው። በአካባቢው ያለው ከብት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሲከተብ በሽታው ከዱር አራዊቱም ጠፋ፤ ከከብቱ ይተላለፍባቸው ነበርና። ዋይልድቢስት የሚባለው በመንጋ የሚጓዝ አውሬ በ1961 ሩብ ሚሊዮን ያህል የነበረው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሣሩ በብዛት ስለተጋጠ ሰደድ እሳቱ ቀነሰ፤ እሳቱ ሲቀንስ ዛፉ በዛ። አንድ የከብት ክትባት የአንድን አገር መልክአ ምድር እስከ መለወጥ ደረሰ ማለት ነው።

የዕውቀቱ ጉዞ

በሽታውን በሳይንስ መንገድ የመረዳቱ ሥራ በብዙ አገሮች እየተቀባበለ የተሠራ ነው። ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ በ1896 መጨረሻ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጠርቶ በኪምበርሊ ከተማ የታመመ ከብት ሐሞት ጤነኛውን ለመከላከል እንደሚረዳ አሳየ። በ1902 ሞሪስ ኒኮልና አዲል ቤይ በቁስጥንጥንያ ባደረጉት ምርምር የበሽታው መንሥኤ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ ውስጥ የሚያልፍ ረቂቅ ነገር መሆኑን አረጋገጡ። በ1920ዎቹ ጄ.ቲ. ኤድዋርድስ በሕንድ አገር ቫይረሱን በፍየል ላይ ደጋግሞ በማሳለፍ አዳክሞ ለክትባት አዋለው።

የመንግሥታት ትብብርም ከዚሁ በሽታ ተወለደ። በ1920 ከሕንድ ወደ ብራዚል ይጓዙ የነበሩ ከብቶች በቤልጂግ በአንትወርፕ ወደብ ሲያልፉ በሽታውን ትተው ሄዱ። የደነገጡት መንግሥታት በ1921 ፓሪስ ላይ ተሰበሰቡ፤ በ1924 ሃያ ስምንት አገሮች ተፈራርመው የእንስሳት ጤና ጉዳይ ዓለም አቀፍ ጽሕፈት ቤትን መሠረቱ። በአፍሪካም በ1951 የበሽታውን መከላከል የሚያስተባብር የመላው አፍሪካ ቢሮ በኬንያ ተቋቋመ።

ትልቁ እመርታ የተገኘው በኬንያ በሙጉጋ ቤተ ሙከራ ነው። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት ከባልደረባው ከፌሪስ ጋር ሆኖ ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ ዘጠና ጊዜ ያህል በተከታታይ በማሳደግ፣ በሽታ የማያመጣ ግን በአንድ መርፌ የዕድሜ ልክ መከላከያ የሚሰጥ ክትባት በ1960 ገደማ አዘጋጀ። ክትባቱ ርካሽ ነበር፤ ለማንኛውም ዝርያ ከብት ይሆን ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ከፋብሪካው እስከ ከብቱ ትከሻ ድረስ ቅዝቃዜ ይፈልጋል።

ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ሥራ

ይህን ክትባት ይዞ የተነሣው የመጀመሪያው አህጉራዊ ዘመቻ «የጋራ ፕሮጀክት 15» ይባላል። በ1962 በቻድ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ አገሮች ተጀምሮ እየሰፋ ሄዶ ኢትዮጵያን ጨምሮ ሃያ ሁለት አገሮችን አዳረሰ። ዕቅዱ ቀላል ነበር፤ ከብት ሁሉ በተከታታይ ለሦስት ዓመት ይከተባል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚወለደውን ጥጃ መከተብ የየመንግሥቱ ኀላፊነት ይሆናል። ዘመቻው በ1976 ሲያበቃ በሽታው ከአብዛኛው አፍሪካ ጠፍቶ ነበር። ቀርቶ የነበረው በማሊና በሞሪታኒያ አካባቢ፣ እንዲሁም በሱዳንና በኢትዮጵያ በኩል ባሉ ጥቂት የተደበቁ ቦታዎች ብቻ ነው።

የተሳሳተው ነገር እዚህ ላይ ነው። በሽታው ከዓይን ሲጠፋ በጀቱም ከመዝገብ ጠፋ። የጥጃ ክትባቱ ተዘነጋ፤ ክትትሉ ላላ፤ የእንስሳት ሐኪሙ መኪና ለሌላ ሥራ ተወሰደ። በሽታውን ያላየና ያልተከተበ አዲስ የከብት ትውልድ አደገ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከእነዚያ ጥቂት ስውር ቦታዎች ተነሥቶ በሽታው በምዕራብም በምሥራቅም አፍሪካ ተዛመተ፤ በናይጄሪያ ብቻ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ከብት አለቀ። የዐሥራ አራት ዓመት ድካም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈረሰ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ለዚህ ይስማማል፤ በዚህ ጊዜ የፈሰሰውን መልቀም ግን ከሃያ ዓመት በላይ ጠየቀ።

ወደ መንጋው መሄድ

በ1986 የመላው አፍሪካ የደስታ በሽታ ዘመቻ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ረዳትነት ተጀመረ። በ1994 ደግሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እስከ 2010 በሽታውን ከምድር ለማጥፋት የሚል ዓለም አቀፍ ፕሮግራም አቋቋመ። ይህ ዘመቻ ከቀድሞው የተለየው በመርፌው ብዛት ሳይሆን በአስተሳሰቡ ነው። የተከተበው ከብት ስንት ነው ከሚለው ጥያቄ ይልቅ በሽታው የሚኖረው የት ነው የሚለው ጥያቄ ቀደመ። መልሱም የደም ናሙና በመመርመርና አርብቶ አደሩን በመጠየቅ ተፈለገ።

በኢትዮጵያ የተገኘው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። ለረጅም ዘመን ክትባቱ በብዛት የሚሰጠው መንገድ ባለበት ደጋ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተደረገው ጥናት ግን በሽታው የሚከርመው በደጋው ሳይሆን በቆላው፣ በተለይም በአፋርና እንደ እርሱ ባሉ የአርብቶ አደር አገሮች መሆኑን አሳየ። ወደ ደጋው የሚወጣው ከዚያ እየተነሣ ነው። እንግዲህ በየዓመቱ ይፈስ የነበረው ክትባት አብዛኛው የሚያርፈው እሳቱ በሌለበት ቤት ላይ ነበር ማለት ነው።

ወደ እሳቱ ቤት ለመግባት ደግሞ ሁለት መሰናክል ነበረ። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። በአፋር ፀሐይ በረዶ ተሸክሞ ብዙ ቀን መጓዝ አይቻልም። አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ጀፍሪ ማሪነር በ1980ዎቹ መጨረሻ የፕላውራይትን ክትባት አደራረቅ በማሻሻል ከማቀዝቀዣ ውጭ አንድ ወር ያህል ሳይበላሽ የሚቆይ አደረገው። ሁለተኛው መሰናክል መተማመን ነው። መኪና ይዞ የሚመጣ የመንግሥት ከታቢ መንጋው የት እንደሚያድር አያውቅም፤ ባለከብቱም ለማያውቀው ሰው ከብቱን ቶሎ አይሰጥም። ስለዚህ ኅብረተሰቡ ራሱ የመረጣቸው ሰዎች ሠልጥነው፣ ክትባቱን ይዘው፣ በእግራቸው መንጋውን ተከትለው እንዲከትቡ ተደረገ። በ1994 በአፋር ጥቂት እንዲህ ያሉ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ከ70,000 በላይ ከብት ከተቡ፤ ኋላ በደም ምርመራ ሲታይም ሥራቸው ከመንግሥቱ ቡድን ሥራ የሚያንስ አልነበረም። በኅዳር 1995 በአፋር የታየው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻው ሆነ። በደቡብ ሱዳንም ጦርነቱ ሳይቆም በዚሁ መንገድ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከብት ለመከተብ ተቻለ።

በዚህ ሥራ ቢሾፍቱም ድርሻ አላት። በዚያ የተቋቋመው የመላው አፍሪካ የእንስሳት ክትባት ማዕከል በየአገሩ የሚመረተው ክትባት ደረጃውን የጠበቀ መሆኑን ሲመረምር ኖሯል። ጥራቱ ያልተረጋገጠ ክትባት የከብቱን ጤና ከመጠበቅ ይልቅ የባለከብቱን እምነት ያጠፋልና የዚህ ድርሻ ጥቅም ከሜዳው ሥራ አያንስም።

የመጨረሻው ማሳደድ

ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎ በታየ ጊዜ አንድ ምስጢር ተገለጠ። ከ1994 እስከ 1996 ባለው ጊዜ በኬንያ በፃቮ ብሔራዊ ፓርክ ጎሽና አምባራይሌ በብዛት ሞቱ። ሲመረመር የተገኘው ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠፍቷል ሲባል የነበረ የቫይረሱ ዝርያ ነው። ከብትን እጅግ ስለማያሳምም በሶማሌ አርብቶ አደሮች መንጋ ውስጥ ሳይታወቅ ሲኖር ኖሮ፣ የዱር አራዊቱን ሲያገኝ ግን ገዳይነቱ ተገለጠ። ምልክቱን የሚያውቁት እረኞች ነበሩ፤ የሚጠይቃቸው ግን አልነበረም። በፓኪስታን የመጨረሻው ወረርሽኝ በ2000 ታየ፤ በ2001 በኬንያ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በጎሾች ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ በየትም ቦታ በእንስሳ ላይ አልታየም።

ቀጥሎ የመጣው ውሳኔ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር፤ ክትባቱን ማቆም። በደም ውስጥ የሚገኘው የመከላከያ ምልክት ከክትባት የመጣ ይሁን ከበሽታው የሚለይ አልነበረም። ስለዚህ በሽታው መጥፋቱን ለማረጋገጥ የሚቻለው ካልተከተበ ትውልድ ደም ወስዶ ምንም አለመኖሩን በማየት ብቻ ነው። ለዐርባ ዓመት «ከትቡ» ሲባል የኖረ ሠራተኛ አሁን «መርፌውን አስቀምጣችሁ ጠብቁ» ተባለ። በ1976 የተሠራው ስሕተት እንዳይደገም ያደረገውም ይህ ነው፤ ክትባቱ ሲቆም ክትትሉ አልቆመም። በየአገሩ ናሙና ሲሰበሰብ፣ ሪፖርት ሲመረመር ዓመታት አለፉ።

በግንቦት 2011 የእንስሳት ጤና ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ በሰኔ 28 ቀን 2011 ደግሞ ሮማ ላይ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጉባዔ የደስታ በሽታ ከምድር መጥፋቱን ዐወጁ። በሰው ብርታት ከተፈጥሮ የጠፋ በሽታ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ይህ ሁለተኛው ነው። ዋልተር ፕላውራይት በየካቲት 2010 ስላረፈ ዐዋጁን ለመስማት አልበቃም።

ከታሪኩ የሚቀረው

ይህ ድል ስሕተትን መሸፈኛ ሊሆን አይገባም። ከላንቺሲ ምክር እስከ ሮማው ዐዋጅ ሦስት መቶ ዓመት ያህል አልፏል። ክትባቱ ከተገኘ በኋላም ሃምሳ ዓመት አስፈልጓል። ከዚህ ከሃምሳው ዓመት ውስጥ ብዙው የባከነው ዕውቀት ጎድሎ ሳይሆን፣ አንድም ሥራው ሳያልቅ በመተዉ፣ አንድም መርፌው መንገድ ወዳለበት እንጂ በሽታው ወዳለበት ባለመሄዱ ነው። በሁለቱም ስሕተት የተጎዳው በክፉ ቀን ጊዜ የተጎዳው ያው ሰው ነው፤ ከበሬውና ከላሙ በቀር ሌላ ሀብት የሌለው።

ፈተናው ደግሞ አልራቀም። የደስታ በሽታ ዘመድ የሆነውና በጎችንና ፍየሎችን የሚፈጀው፣ ባለሙያዎች «ደስታ መሰል» የሚሉት በሽታ በአፍሪካና በእስያ ድሀውን ገበሬ ሲያደኸይ ይገኛል። መንግሥታትና ድርጅቶች በ2015 አቢጃን ላይ ተሰብስበው እስከ 2030 ሊያጠፉት ቃል ገብተዋል። ለዚህም መልካም ክትባት አለ። ሥራው ግን ከበፊተኛው ይከብዳል። በግና ፍየል ከቀንድ ከብት ይልቅ ቶሎ ይወልዳሉ፤ በየዓመቱ ያልተከተበ ግልገል በብዛት ይጨመራል፤ የአንዲት ፍየል ዋጋ ከአንድ በሬ ዋጋ ስለሚያንስ መንግሥትም ለጋሽም ቶሎ አይደነግጥላትም። የደሀይቱ መበለት ሀብት ግን በሬ ሳይሆን ፍየል ነው።

የአየር ጠባዩ መዛባት ግጦሹንና ውሃውን ባጠበበ ቁጥር መንጋዎች ከሩቅ እየመጡ በአንድ ጉድጓድ ላይ ይገናኛሉ፤ በሽታም ከዚያ ይቀባበላል። እንግዲህ የድርቁ ጉዳይ ለአንዱ መሥሪያ ቤት፣ የበሽታው ጉዳይ ለሌላው፣ የረኀቡ ጉዳይ ለሦስተኛው ተከፋፍሎ የሚሰጥበት አሠራር በ1880ዎቹ ዓ.ም. የደረሰውን መከራ ትምህርት ያልተቀበለ አሠራር ነው። ያኔ በሬው፣ ማሳው፣ ጎተራውና ሰው አብረው ወደቁ፤ ሲነሡም አብረው ነው።

ለሙያው ባልደረቦች ደግሞ ከዚህ ታሪክ የሚደርሰው አደራ ከዘመቻው ጩኸት ይልቅ ከዘመቻው በኋላ ያለውን ጸጥታ የሚመለከት ነው። ወረርሽኝ ሲነሣ መኪናውም፣ ገንዘቡም፣ ትእዛዙም ይገኛል። በሽታው ከዓይን በጠፋበት ዓመት ግን ናሙና የሚሰበስበው፣ ሪፖርት የሚጽፈው፣ እረኛውን «ዘንድሮስ ምን አየህ?» ብሎ የሚጠይቀው ባለሙያ የሚያመሰግነው አያገኝም። የደስታ በሽታ በ1976 ሳይጠፋ የቀረው ይህ ሰው ከሥራው ስለተነሣ ነው፤ በ2011 የጠፋውም ይህ ሰው ከሥራው ላይ ስለቆየ ነው።